ለሰጪው እውነቱን የተናገረች ልጅ

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከማህበሩ ሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛ መድረክ ላይ ስትወጣ የሚጠበቀው ገቢና ወጪ ነው። የዓመቱ ሂሳብ በእጃችሁ ስላለ ግን የተሰጠኝን ጊዜ ስለ አንዲት ዳኛ ልናገርበት። ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ትባላለች። በአሜሪካ የፌዴራል ዳኛ ሆና የተሾመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። የልጅነቷን ሳወራ «እሷ» እላለሁ፤ ዳኝነት ወንበር ላይ ስትደርስ «እሳቸው» እንላቸዋለን። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እናትና አባቷ ኔቪስ ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ናቸው። ኑሯቸው ኒው ሄቨን ከተማ ነበር። አባቷ በዬል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማህበራት ምግብ ያበስል ነበር፤ እናቷ በሰው ቤት ሠርታለች። በ1921 ስትወለድ ከ12 ልጆች 9ኛዋ ነበረች። ልጆቻችንን ወደ ቤሩትና ወደ ጅዳ ለሸኘን ሰዎች ይህ ኑሮ እንግዳ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨረሰች፤ ሐሳቧ ጠበቃ መሆን ነበር፤ ለኮሌጅ የሚከፈል ገንዘብ ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።

በ18 ዓመቷ አካባቢ ለሰፈሯ ጥቁሮች በተሠራ የማህበረሰብ ማዕከል ስብሰባ ላይ ተገኘች። የሰፈሩ ሰው ወደ ማዕከሉ ብዙም አይመጣም ነበርና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ተጠየቀ። ልጅቷ ተነስታ፣ ማዕከሉን የሚመራው ቦርድ ነጮች ብቻ ስለሆኑ ሰዉ የራሴ ነው አይለውም ስትል ተናገረች። ለማዕከሉ ገንዘብ የሰጠው ክላረንስ ብሌክስሊ የተባለ ነጭ ባለሀብት እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እኛ ሰፈር ቢሆን «የበላችበትን ወጪት ሰባሪ» ትባል ነበር። ሰውየው ግን አልተቀየማትም። በኋላ አግኝቶ ለምን ኮሌጅ እንዳልገባች ጠየቃት። ገንዘብ እንደሌላቸው ነገረችው። የኮሌጁንም የሕግ ትምህርቱንም ወጪ እሱ ከፈለ። በ1946 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ገና ተማሪ ሳለች፣ በ1945፣ ከታዋቂው የጥቁሮች መብት ጠበቃ ከተርጉድ ማርሻል ቢሮ ገብታ ነበር። በ1949 ሚሲሲፒ ሄዳ ለጥቁር መምህራን ከነጮቹ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ተከራከረች። ያንን ክስ ተረቱ። በ1954 የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው የተባለበትን ዝነኛ ክስ ካዘጋጁት አንዷ እሷ ናት። ጄምስ ሜሬዲዝ በ1962 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆኖ የገባው እሷ ጠበቃው ሆና ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከረችባቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን ረታች።

በጥር 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኝነት አጯት። ሹመቱን የሚያየው የሴኔት ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ ከሚሲሲፒ የመጡት ጄምስ ኢስትላንድ ነበሩ። ጉዳዩ ሲጓተት ቆይቶ ሹመቱ የጸደቀው በነሐሴ ነው። ከዚህ ወዲያ «እሳቸው» ናቸው።

በ1975 ሴት የሕግ ባለሙያዎች አንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅትን በቅጥርና በዕድገት ያዳላል ብለው ከሰሱት፤ ጉዳዩም ለዳኛ ሞትሊ ደረሰ። የድርጅቱ ወገን፣ ሴት በመሆናቸውና ቀድሞ የመብት ጠበቃ ስለነበሩ፣ ከችሎቱ ይነሱ ብሎ አመለከተ። እሳቸው አልተነሱም። የሰጡት ምክንያት አጭር ነው፦ ማንኛውም ዳኛ ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት፤ ዘርም፣ የቀድሞ ሥራም አለው። ይህ ብቻ የሚያስነሳ ከሆነ ጉዳዩን የሚያይ ዳኛ በፍርድ ቤቱ አይገኝም። በ1982 የዚያው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኑ።

በእኔ ሙያም ኦዲተር የምትመዘነው በተወለደችበት ሰፈር አይደለም፤ ደረሰኙን አገላብጣ አይታ ያየችውን በመጻፏ ነው።

እህቶቼ፣ አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የብድር መክፈያችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጉልት ለሚቀመጡ እናቶች ያ ሰዓት ዋናው የገበያ ሰዓታቸው ነው። እንጀራቸውን ትተው ካልመጡ መዝገቡ ላይ «ዘግይታ ከፈለች» ተብሎ ይጻፋል። ምክንያቱን የምጽፍበት ዓምድ የለም። ይህን ሁላችሁም በር ላይ ትነግሩኛላችሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ግን የሚሰማው «እግዜር ይስጥልን» ብቻ ነው። ምስጋናው ከልብ ነው። ሆኖም ምስጋና ብቻ የሰማ ደጋፊ በሚቀጥለው ዓመትም ገንዘቡን ለዚያው ማክሰኞ ጠዋት ይሰጣል።

ደጋፊዎቻችን፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ስንት ሴት ተበደረች ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ መልካም ነው። ያልመጣችው ለምን ቀረች ብላችሁም ጠይቁን። ብሌክስሊ ያን ቀን ተቀይሞ ቢወጣ ኖሮ፣ ልጅቷ የሕግ ትምህርት ቤቱን ደጃፍ በምን ገንዘብ ትረግጥ ነበር?

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሪፖርት ከመነበቡ በፊት አባላት ያልተመቻቸውን የሚናገሩበት ግማሽ ሰዓት ይመደብ። የተባለው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከሂሳቡ ጋር ለደጋፊዎቻችን ይላክ። ቃለ ጉባኤውን ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።