የክረምት ዕረፍትና የልብ መለወጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ይልቁንም እናንተ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በየቤታችሁ የተሰበሰባችሁ ተማሪዎች ሆይ፥

ክረምቱ ገብቷል፤ ደወሉ ጸጥ ብሏል፤ ጎርፉና ጭቃውም ከጓደኛ ለይቷችኋል። ከእናንተ ብዙዎች ይህን ጸጥታ እንደ እስራት ቈጥራችሁ መስከረም የሚጠባበትን ቀን ትናፍቃላችሁ። ገበሬው ግን በዚህ ወራት አይቀመጥም። ዝናቡ ጤፉንም አረሙንም አብሮ ስለሚያበቅል፥ ጎንበስ ብሎ አንዱን ከአንዱ ይለያል። በእናንተም ልብ የዓመቱ ትምህርት ዕውቀትን ሲያበቅል፥ ከአጠገቡ ትዕቢት አብሮ አልበቀለምን? በጓደኛ ጫጫታ መካከል ያልታየው አረም በቤት ጸጥታ ይታያል።

በጾመ ፍልሰታ መካከል ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦርን በዓል እናከብራለን። ጌታችን ጴጥሮስን፥ ያዕቆብንና ዮሐንስን ወደ ተራራው አውጥቶ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠላቸው። ጴጥሮስም ከደስታው ብዛት በዚያ ሦስት ዳስ ሠርቶ መኖርን ወደደ። ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ ከተራራው ሥርም ልጁ የታመመበት አባት ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ብርሃን ያየ ሰው ወደ ችግረኛው ይወርድ ዘንድ ይገባዋል።

ትምህርት ቤት ለእናንተ እንደ ተራራው ነው፤ ቤታችሁም ከተራራው ሥር እንዳለው መንደር ነው። በዚያ ዓይኗ የደከመ አያት መዝሙረ ዳዊት የሚያነብላት ትሻለች፤ ታናሽ ወንድም ፊደል የሚያስቈጥረው ይጠብቃል፤ እናትም እንጨት ተሸክማ በዝናብ ርሳ ትገባለች። ያን ጊዜ «እኔ የተማርሁ ነኝ» ብሎ ከእሳቱ ዳር የማይነሣ ልጅ፥ ክፍል ተዛወረ እንጂ አልተለወጠም።

ስለዚህ ማታ የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ሲሰማ፥ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ በእኔ ምክንያት ማን ዐረፈ? ማንስ አዘነ? ያገኛችሁትን አረም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ በምክራቸውም አንድ በአንድ ንቀሉ። እናንተም ወላጆች፥ ልጃችሁ መልካም ሲጀምር የአምናውን ጥፋት አታንሡበት፤ ገና የበቀለ ቡቃያ ቢረገጥ አያፈራምና።

መስከረም 1 ቀን አዲስ ልብስ የምንለብስ ሁላችን፥ እግዚአብሔር ልባችንንም አድሶ ለአዲሱ ዘመን ያድርሰን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።