ትርፍ ሥራና የዕዳ ሒሳብ

አድማጮቻችን፣ ከደመወዝ ሥራ በኋላ ማታ ማታ ተማሪ ማስጠናት ወይም ልብስ መስፋት ዕዳን ያቃልላል? አዎ፤ ምን ያህል እንደሚያቃልል ሒሳቡ ያሳየናል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት የ20,000 ብር ዕዳ በመጀመሪያው ወር 300 ብር ወለድ ያመጣል። በወር 500 ብር የሚከፍል ሰው ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 200 ብር ብቻ ነው። ከትርፍ ሥራ 1,000 ብር ቢጨምርበት ግን ቅናሹ 1,200 ብር ይደርሳል። ክፍያው ሦስት እጥፍ ሲሆን የዋናው ዕዳ ቅናሽ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ወለዱ አስቀድሞ ተሸፍኗልና ተጨማሪው ብር በሙሉ ዋናው ዕዳ ላይ ያርፋል።

“በዚህ የኑሮ ውድነት የተገኘው ሁሉ ለአስቤዛ ነው” የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከልጆች ምግብ ተቀንሶ ዕዳ ይከፈል አልልም። ሆኖም ትርፍ ገቢ ከደመወዝ ጋር ሲቀላቀል የገባበት አይታወቅም። ስለዚህ ለብቻው ይቀመጥ፤ የታክሲና የካርድ ወጪው ይነሣለት፤ የቀረው ወለዱ ከፍ ወዳለው ብድር ይሂድ። ዕቁብስ? ዕጣው ቀድሞ ከወጣ ወለድ የሌለው ገንዘብ ነውና ዕዳ ለመዝጋት ይረዳል። ከዘገየ ግን የዕዳው ወለድ በየወሩ መቆጠሩን አያቆምም፤ ስለዚህ እኔ በየወሩ በቀጥታ መክፈሉን እመርጣለሁ።