ምጽዋት፣ ወንፈልና እድር፦ የጎንደር የመስጠት ልማድና የመሐንዲሱ ሥራ



በጎንደር ከተማ ማለዳ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ የሚቆም የቆሎ ተማሪ የሰጪውን ስም አይጠይቅም፤ ሰጪውም የተማሪውን አገር አይመረምርም። የበዓታ አቋቋም ሊቃውንት በተማሪነታቸው ዘመን የኖሩት በዚህ ቁራሽ ነው። ምጽዋት ሒሳብ የማይያዝለት፣ ዋጋው ከእግዚአብሔር የሚጠበቅ ስጦታ ነው። በአዲስ ዓለም የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤትም ሰደቃውን እንደ ልቡ ይሰጣል፤ የገንዘቡን ዘካ ግን ከአርባ አንድ አድርጎ ይቆጥራል።

ወንፈል ከዚህ ይለያል። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገበሬው ለጎረቤቱ የሚያጭደው፣ ነገ በተራው እንዲታጨድለት ነው። ሦስተኛው እድር ነው፤ ይኸውም በሃያኛው መቶ ዓመት በከተሞች የተስፋፋ፣ ደንብና ወርሃዊ መዋጮ ያለው፣ ዳኛና ጸሐፊ የሚመራው፣ ከቀብር የቀረውን አባል የሚቀጣ ማኅበር ነው።

መሐንዲሱ ወደ ገጠር ሲወርድ እነዚህን ሦስቱን «የሕዝብ ተሳትፎ» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ድንጋይና አሸዋ ማጓጓዝ የወንፈል ጠባይ ስላለው ብዙውን ጊዜ ይሳካል። ፓምፑ ከተተከለ በኋላ ግን የውስጥ ላስቲኩ በየጊዜው ያልቃል፤ መለወጫውም ገንዘብ ይጠይቃል። ይህን ወጪ ምጽዋት አይሸፍነውም፤ ምጽዋት የተራበ ሰው ፊት ሲያይ እንጂ ያለቀ ላስቲክ ሲያይ አይነሣሣምና።

ይህ ማለት ምጽዋት ኋላ ቀር ነው ማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖች ደባርቅ ሲደርሱ፣ ነዋሪው ከማዕዱ አካፍሏቸዋል። ለእንዲህ ያለው ቀን ደንብ ተጽፎ እስኪጸድቅ መጠበቅ አይቻልም።

ለጥገና ግን የሚስማማው የእድር ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ የእድሩ ሣጥን ለሐዘን የተጠራቀመ አደራ ስለሆነ ለፓምፕ ቢወጣ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ባዶ ሣጥን ይጠብቃታል። ስለዚህ ከእድር መወሰድ ያለበት ገንዘቡ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው፤ ይኸውም ትንሽ የማይቋረጥ መዋጮ፣ በአባላት ፊት የሚነበብ ሒሳብ፣ የሚታወቅ ቅጣትና ጎረቤት የመረጠው ዳኛ ነው።

እንግዲህ መሐንዲሱ የውሃውን መጠን ከመለካቱ ጋር፣ ፓምፑ በተበላሸ ቀን ሣጥኑን የሚከፍተው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። መልስ ያላገኘ እንደሆነ ንድፉ ገና አላለቀም።