ገበሬው ገበያ ይድረስ
(በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ገበያ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ገበያ ሄዶ መደሰትን ከዲነኛ ሰው የማይጠበቅ ነገር ያደርጉታል። እርግጥ ነው፣ አላህ ዘንድ ከቦታዎች ሁሉ ተወዳጁ መስጂድ፣ የተጠላው ደግሞ ገበያ መሆኑን የሚገልጽ ሐዲስ ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለሞች ግን ምክንያቱን ሲያብራሩ ውሸቱን፣ ማጭበርበሩን፣ የሐሰት መሐላውንና አላህን መዘንጋቱን ያነሳሉ። የመካ ሙሽሪኮች «ምግብ የሚበላና በገበያ የሚሄድ ምን ዓይነት መልእክተኛ ነው?» በማለት ባፌዙ ጊዜ፣ ከእርሳቸው በፊት የተላኩትም ምግብ ይበሉና በገበያዎች ይሄዱ እንደነበር አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን መልስ ሰጥቷል። ስለዚህ ገበያ መሄድ ነውር የለውም። ቁም ነገሩ እዚያ ምን እንደምንሠራ ነው።

ወሎ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። የአፋር ወንድሞቻችን ግመልና ፍየል እየነዱ ከቆላ ይወጣሉ፤ ገበሬው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። አማርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው በአንድ ሜዳ ላይ ይሰማል። በአንድ ሰኞ እኛም ከቤተሰባችን ጋር ወደዚያው ሄድን። የማሽላውን ክምር፣ የቅቤውን ሽታ፣ የግመሉን ጩኸት ልጆቻችን አይተው አልጠገቡም። ከሁሉ ያስደሰተን ግን ሰላምታው ነው። ሰው ከዋጋ በፊት ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይጠያየቃል። ከከተማ ሱቅ የሚገዛ ሰው ዕቃውን እንጂ የደከመበትን ሰው አያይም። እዚህ ግን የዘራው እጅ ራሱ ሰፍሮ ይሰጣል። ይህ አላህን የምናመሰግንበት ትልቅ ኒዕማ ነው።

ሆኖም ያን ቀን አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ከከተማዋ መግቢያ ላይ ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ አንዲት እናት አገኘን። ዋጋ ጠየቅን፤ ነገሩን። ተከራክረን አስቀነስንና ገዛን። እኛም በርካሽ ገዛን ብለን ደስ አለን። ገበያው ውስጥ ስንደርስ ግን የዚያው ዓይነት ዶሮ ዋጋ እኛ ከከፈልነው በብዙ ይበልጣል። ያን ጊዜ ቡሉጉል መራምን ስንቀራ ያጠናነው፣ ለደረሶችም ደጋግመን ያስተማርነው ሐዲስ ትዝ አለን፤ አፈርንም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሙስሊም ዘገባ እንደተገለጸው፣ እንዲህ የተገዛበት ባለንብረት ገበያ ከደረሰ በኋላ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ አለው። ጥበቡን ተመልከቱ! ዋጋውን የማያውቅ ሰው በአለማወቁ እንዳይጎዳ ሸሪዓው ጠበቃ ቆመለት። የከተማው ሰውም ዕቃው በጥቂት ሰዎች እጅ ገብቶ እንዳይወደድበት ተጠበቀ።

ተመልሰን እኚያን እናት ፈለግናቸው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጨው ሲገዙ አገኘናቸው። «እናታችን፣ የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ ነው የገዛንዎት። ወይ ዶሮዎቹን ይውሰዱ፣ ወይ ልዩነቱን ይቀበሉን» አልናቸው። መጀመሪያ የምንቀልድ መሰላቸው። ኋላ ገንዘቡን ተቀበሉና «ሼኽዬ፣ እኔስ ሸክሙ ከብዶኝ ነው የሸጥኩት፤ የጨውም ጎሎኝ ነበር» አሉን። «አፉ ይበሉን» አልናቸው። «አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበላችሁ» ብለው መረቁን። እውነት ለመናገር፣ ለእኛ ትንሽ የመሰለን ገንዘብ ለእርሳቸው የጨው ዋጋ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ መንገድ ዳር ቆመው የገበሬውን ጭነት የሚሻሙ ነጋዴዎችና ደላሎች አሉ። ይህ ሐዲስ ይመለከታቸዋል። ግን እነርሱን ብቻ አንውቀስ። ትልቅ ሱቅ ገብተን የተጠየቅነውን ዝም ብለን የምንከፍል ሰዎች፣ መሬት ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠችን እናት ስለ አንድ ብር እናደክማለን። ዋጋ መከራከር ሐላል ነው፤ የሰው ችግር ላይ መከራከር ግን አያምርም። ሲሸጥም ሲገዛም ገር ለሆነ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን እዝነት መለመናቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ገበሬውም የራሱ ድርሻ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ባለቤቱን ጠየቁት፤ አጭበርባሪም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ ያገኛሉ፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል።

እንግዲህ በመጪው የገበያ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሪዝቅ ከየት እንደሚመጣ ይዩ። መንገድ ላይ ሸክም የከበዳቸው እናት ካገኛችሁም ሸክሙን ተቀብላችሁ እስከ ገበያው አድርሱላቸው። ከዚያ በገበያው ዋጋ ግዙ።

አላህ ግብይታችንን ሐላል፣ ቤታችንን ባለ በረካ ያድርግልን። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።