ለአባት መታሰቢያ ምን ዛፍ ይተከል?

አቅራቢዋ፦ አባቱን ያጣ አድማጫችን ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ መታሰቢያ ዛፍ መትከል ይፈልጋል። ምን ትመክረዋለህ?

አቅራቢው፦ ነፍሳቸውን ይማር። ቦታው ደጋ ከሆነ ጽድ ብርዱን ይችላል፤ ደረቅና ድንጋያማ ከሆነ ግን ወይራ።

አቅራቢዋ፦ ዝግባስ? በየደብሩ ቅጥር ግቢ ስንት ትውልድ አስጠልሏል!

አቅራቢው፦ ግርማውማ ወደር የለውም፤ እስከ 45 ሜትር ይመዘዛል። ግን እርጥበትና ሰፊ ቦታ ይሻል፤ ቤት ጥግ አይተከልም።

አቅራቢዋ፦ እንግዲያው እኔ ወይራ እላለሁ። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ነፋስ ሲያገላብጠው ማየት ደስ ይላል። ቀስ ብሎ ቢያድግም ዕድሜው ረጅም ነው።

አቅራቢው፦ እስማማለሁ። ብቻ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው፣ የችግኙን ፕላስቲክ ቀድዶ ሥሩን ሳያጥፍ ይትከለው። በበጋ ውሃ ያጠጣው፤ ከፍየልም በአጥር ይከልለው።