ብርሃን የበዛበት ፊት
(የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ፎቶ ማሰባሰብ በተጀመረበት የአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የዝግጅት ኮሚቴው ለመጽሔቱ የሚሆኑትን የቆዩ ፎቶዎች እንድናስተካክል ኃላፊነቱን ለእኛ ሱቅ ሲሰጥ በደስታ ነው የተቀበልነው። እዚህ ናይሮቢ የጽሕፈት መሣሪያ እየሸጥን፣ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ እየሠራን ስለምንተዳደር፣ የአብዛኞቻችሁ ፊት ለእኛ አዲስ አይደለም። ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ንግግራችንን እናሳጥራለን።

እስካሁን ካመጣችሁልን ፎቶዎች የብዙዎቹ ችግር አንድ ነው፤ ብርሃን በዝቶባቸዋል። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቶ አፍንጫው ከጉንጩ አይለይም። ይህ የሚሆነው ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት ነው። ከሰውዬው ኋላ ጥቁር መጋረጃ ካለ፣ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ፊቱም ነጠላውም ይቃጠላሉ። ፍላሽም የራሱ ጣጣ አለው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። በሠርግ ፎቶ ላይ ከፊት የተቀመጡት ሚዜዎች ነጥተው፣ ከኋላ የቆሙት አጎቶች የሚጠቁሩት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙ ማተሚያ ቤቶች የቀለም ፎቶን ልክ የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። «ሸርሊ» የሚባል የኮዳክ ካርድ ነው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። የእናቶቻችን ፊት እስከዚያ ድረስ በሰው ልክ ተሰፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንዲት እኅታችን፣ ላረፉት ወገኖቻችን በተዘጋጀው ገጽ ላይ እንዲወጣ የእናቷን ፎቶ ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቤት ውስጥ በፍላሽ የተነሳ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ፎቶ የላቸውም። በግንባራቸው ላይ የመስቀል፣ በአንገታቸውም ንቅሳት እንደነበራቸው እኅታችን ነገረችን፤ በፎቶው ላይ ግን አንዱም አይታይም። ልጇ አስቀድሞ ፎቶውን በስልኩ አፕ አሳልፎት ነበር። ጥርት ያለ ዓይን፣ የተወለወለ ጉንጭ ያላት ሴት ወጣች። እኅታችን አየችና «ቆንጆ ናት፤ እናቴ ግን አይደለችም» አለች።

እውነቷን ነው። እንዲህ ያለው አፕ የሴትዮዋን ፊት አያውቀውም። የጠፋውን ቦታ የሚሞላው ከዚህ በፊት ካያቸው የብዙ ሰዎች ፊት ተነስቶ፣ በግምት ነው። ንቅሳቱንም አላመጣውም፤ ከየት ያምጣው? ለልጆች ጨዋታ ይሁን፣ አንከለክልም። ላረፉት በተዘጋጀው ገጽ ላይ ግን ማንም የማያውቃትን ሴት በእናት ስም አናትምም ብለን ለኮሚቴው አስታውቀናል።

ስለዚህ እኅታችንን «የፎቶ ቤቱ ፖስታ አለ ወይ?» ብለን ጠየቅናት። ነበረ፤ ኔጋቲቩም ውስጡ ነበረ። ኔጋቲቭ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብርሃን የበዛበት ቦታ ይጠቁራል እንጂ ባዶ አይሆንም። ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው ፊት፣ ፊልሙ ላይ ጠቁሮ፣ ብዙውን ጊዜ መስመሩን እንደያዘ ይገኛል። ፊልም ከኋላው ብርሃን በሚያበራ ስካነር ይነበባል። ስካነሩ ከሌለ፣ የታብሌት ስክሪን ነጭ አድርጎ አብርቶ፣ የስክሪኑ ነጠብጣብ እንዳይታይ ፊልሙን ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጎ በካሜራ ማንሳትና ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ ይቻላል። የቀለም ፊልም ብርቱካንማ ስለሆነ ቀለሙን ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል። ይህን ስናደርግ መጀመሪያ የግንባራቸው መስቀል፣ ቀጥሎ የአንገታቸው ንቅሳት እየደበዘዘ ወጣ። የአፍንጫቸው ጫፍ ግን እንደነጣ ቀረ፤ እኛም ተውነው።

የፊታቸውን ቀለም በምን እንለካው? እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። እጁ በጥላ በኩል ስለነበር አልተቃጠለም። ፊቱን ከእጁ ጋር አመሳሰልነው። የልጅ ልጃቸው ሲያየው «አያቴን አጠቆራችኋት!» ብሎ ተቆጣ። አልፈረድንበትም፤ እርሱ የሚያውቀው የነጣውን ፎቶ ብቻ ነው። የሟች ታናሽ እኅት መነጽራቸውን አድርገው ካዩ በኋላ ግን «እኅቴ ይህች ናት» አሉ፤ ከዚያም ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እግረ መንገዳችንን እንናገር፤ «ትንሽ ቀላ አድርጉልን» የሚለውን ልመና አንቀበልም።

ኔጋቲቭ የሌለው ፎቶ ወይም በስልክ የተነሳ ሲሆን ሥራው ይከብዳል። በኮምፒዩተር እያንዳንዷ ነጥብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከ0 እስከ 255 ትቆጠራለች። ሦስቱም 255 ከደረሱ በዚያ ነጥብ ላይ የተረፈ ነገር የለም። በግድ ብታጠቁሩት አመድ የተቀባ ፊት ነው የሚወጣው። ሆኖም የሰው ቆዳ ላይ ቀድሞ የሚሞላው ቀዩ ነው፤ አረንጓዴውን ለብቻው ስታዩ የጉንጩ ቅርጽ እዚያ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመጣላችሁ በፊት ሦስቱንም ለየብቻ እዩ።

ጊምፕ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ወጣቶቹ በቀላሉ ይለምዱታል። ፎቶውን ትከፍታላችሁ፤ ሌየሩን ትደግሙታላችሁ፤ የላይኛውን «መልቲፕላይ» ላይ ታደርጋላችሁ። ምስሉ በሙሉ ይጠቁራል። ከዚያ በማስክ ከፊቱ በስተቀር ሌላውን በጥቁር ትሸፍኑና፣ የላይኛውን ኃይል ትክክለኛው መልክ እስኪመጣ ትቀንሳላችሁ። ነጭ በነጭ ቢባዛ ያው ነጭ ነውና ፈጽሞ የተቃጠለው በዚህም አይመለስም። ስልክ ላይ ለሚሠራ ስናፕሲድ ውስጥ «ሃይላይት» የሚለውን ወደ ግራ መሳብ ለቀላሉ ይበቃል። የመጀመሪያውን ፋይል ግን በምንም ምክንያት አትደምስሱ፤ ሥራው ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ይሁን።

ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ያደበዘዘው ፎቶ ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱን ይዛችሁ ኑና በቦታው እንነጋገራለን።

አሁን የምንለምናችሁ ይህን ነው። ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩልን «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ተጨምቆ ይደርሰናል። አሮጌ የፎቶ ቤት ፖስታዎችን፣ ባዶ ቢመስሉም፣ ከነውስጣቸው አምጡ፤ ኔጋቲቩን በጠርዙ ያዙት እንጂ መሐሉን አትንኩት። የሟቹን ፊት በአካል የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ አብራችሁ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ለዚሁ ሥራ ክፍት ነው፤ ቡናም አለ።