በሞሮዊንድ ጨዋታ ላይ ስለሚጨመሩ ሞዶች አመራረጥና አጫጫን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የቀረቡት ጓደኞቼ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ደን ጥቅም ተናግረዋል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቆሩ ወላጆች እንዳሉ ከዚህ ሆኜ አያለሁ፤ እናቴም ከነሱ አንዷ ናት። ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንዲሰሙኝ እለምናለሁ፤ የምናገረው ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን በእጄ ስላደረስሁት ጥፋትም ነውና።

ጨዋታው ሞሮዊንድ ይባላል። «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ከተባሉት ተከታታይ ጨዋታዎች ሦስተኛው ሲሆን፥ ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ይመጣና ሴይዳ ኒን በምትባል ትንሽ የወደብ መንደር ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ እጁን ይዞ የሚመራው የለም። በዛሬ ጨዋታዎች እንደምናየው መድረሻውን የሚጠቁም ምልክት በካርታው ላይ አይበራለትም፤ መንገዱ በቃል ይነገረዋል፥ የሰማውም በማስታወሻው ላይ ይጻፍለታል፥ ከዚያ እያነበበና እየጠፋ ይፈልጋል። አገሩ ቨርደንፌል የተባለች ደሴት ናት። በመካከልዋ እሳተ ገሞራ አለ፤ በሜዳዋም ዛፍ የሚያህል እንጉዳይ ይበቅላል።

ይህን ያህል ያረጀ ጨዋታ ምን ያደርግልሃል የሚሉኝ አሉ። አንደኛው ምክንያት ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ራሱ ሽማግሌ ስለ ሆነ አዲስ ጨዋታ አይሸከምም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የጨዋታው ሠሪዎች ዲስኩን ሲሸጡ ኮንስትራክሽን ሴት የተባለውን የመሥሪያ ፕሮግራም አብረው ሰጡ። በዚህም ማንኛውም ተጫዋች ቤት ሊሠራ፥ ሰው ሊፈጥር፥ ሰይፍ ሊቀርጽ፥ የተሳሳተውንም ሊያርም ቻለ። እንዲህ ተሠርቶ በጨዋታው ላይ የሚጨመረው ሥራ ሞድ ይባላል። እነሆ ከ20 ዓመት በላይ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ቆይተው፥ ዛሬ የሞሮዊንድ ሞዶች በሺሕ የሚቆጠሩ ሆነዋል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

ጨዋታው የታላቅ ወንድሜ ነበር። ወደ ዱባይ ለሥራ እስኪሄድ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ማታ ማታ ይጫወተው ነበር። ባልሞራ በተባለችው ከተማ አንድ ባዶ ቤት ይዞ፥ በጨዋታው ውስጥ የሚገኙትን መጻሕፍት ከየዋሻውና ከየግንቡ እየለቀመ በጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ደርድሮ ነበር። ከ100 በላይ ነበሩ። ሊሄድ ሲል፥ «ኮምፒዩተሩ ያንተ ነው፤ ጨዋታዬን ግን አደራ፥ ስመለስ ከተውሁበት እቀጥላለሁ» አለኝ።

አንድ እሑድ እናቴ ለቅሶ ሄዳ ሳለ፥ ከጓደኛዬ የተዋስሁትን 43 ሞድ የያዘ ፍላሽ ሰካሁና ሁሉንም በአንድ ጊዜ በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ገለበጥሁት። ኮምፒዩተሩ «በነባሩ ፋይል ላይ ልተካው?» እያለ ሲጠይቀኝ ሳላነብ እሺ እሺ እያልሁ አለፍሁ። ጨዋታው ተነሣ፤ እጅግ ደስ አለኝ። ባልሞራ ስደርስ ግን ዋናው ታሪክ የሚጀመርበት ኬየስ ኮሳዴስ የተባለው ሰው ቤት መግቢያ ላይ ዛፍ በቅሎ በሩን ዘግቶታል። አንዱ ሞድ ደረጃውን አንሥቶ ሌላው እዚያው ላይ ዛፍ ተክሎ ነበር። በየሜዳውም ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ ምልክት ተገትሯል፤ ይህ ምልክት ጨዋታው የዕቃውን ቅርጽ ፈልጎ ሲያጣ የሚያቆመው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔም ደንግጬ፥ ከመውጣቴ በፊት ጨዋታውን ሴቭ አደረግሁት። ወንድሜ የሚያስቀምጠው በአንድ ስም ብቻ ነበርና የእሱን አጠፋሁበት። ከዚያም ያስገባሁትን እየለየሁ መሰረዝ ጀመርሁ፤ ነገር ግን የቱ የነበረ የቱ የመጣ እንደ ሆነ የሚለይ ማስታወሻ አልነበረኝም። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፥ ሁለት ደቂቃም ሳይቆይ ይዘጋል።

ለወንድሜ የነገርሁት ከ3 ሳምንት በኋላ በስልክ ነው። ዝም አለ። ቀጥሎ፥ «መጻሕፍቴስ?» አለ። «ጋሼ፥ እነሱም ጠፉ» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ትምህርት ይዤ ከሥሩ ጀመርሁት። መጀመሪያ ያደረግሁት ሞድ መፈለግ አይደለም፤ ምንም ሳልጨምር ለአንድ ወር ተጫወትሁ። ያላወቁትን ጨዋታ ማረም አይቻልምና፥ በደብተሬ ላይ በእውነት ያስቸገረኝን ብቻ ጻፍሁ። ለምሳሌ አንዳንድ ሥራዎች በጨዋታው ስሕተት ምክንያት ሊፈጸሙ አይችሉም ነበር። ለዚህ «ፓች ፎር ፒዩሪስትስ» የተባለ ሞድ አለ፤ የሠሪዎቹን ግድፈት ብቻ ያርማል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። በእኔ አስተያየት ማንም ሰው ሌላ ሁሉ ቢቀርበት ይህን አንዱን ማስገባት አለበት።

ከዚህ በላይ ሲሄዱ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። በሞሮዊንድ ሰይፍ የጨበጠ ጀማሪ ጠላቱ አፍንጫው ሥር ቆሞ እንኳ ይስተዋል፤ መምታቱ በችሎታው መጠን ስለሚታሰብ ነው። ብዙዎች በዚህ ተናደው ምት ሁሉ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሞድ ያስገባሉ። እኔ አልወደድሁትም። ከመጀመሪያው ቀን ሁሉን የሚመታ ሰው ሰይፍ የሚያስተምረውን ጌታ ምን ብሎ ይፈልጋል? ስለ ጭጋጉም እንዲሁ ነው። በ2002 የነበሩት ኮምፒዩተሮች ሩቁን ማሳየት ስለማይችሉ ሠሪዎቹ አገሩን በጭጋግ ጋረዱት። ዛሬ ጭጋጉን ገፎ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ ሞክሬው ከአንድ ኮረብታ ላይ ብመለከት፥ ሦስት ቀን የተንከራተትሁባት ደሴት እንደ ትሪ ጠብባ ታየችኝ። ወዲያውኑ ጭጋጉን መለስሁት። ክሊፍ ሬሰር የሚባሉትን ክንፍ ያላቸውን አውሬዎች በተመለከተ ግን፥ መንገደኛን እየተከተሉ ዕረፍት ስለሚነሡ፥ እኔም ሰው ነኝና የሚቀንሳቸውን ሞድ አስገባሁ።

ከሞዶች ሁሉ የሚያስደንቀኝ «ታምሪኤል ሪቢልት» ነው። ጨዋታው ሞሮዊንድ ከተባለው ጠቅላይ ግዛት የሚያሳየው ደሴቲቱን ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀረውን የየብስ ክፍል ከነከተሞቹ ለመሥራት ፈቃደኞች ገና ጨዋታው ሳይወጣ በ2001 ተሰበሰቡ። ከጀመሩት ሰዎች ብዙዎቹ ለሌላ አስረክበው ሄደዋል፤ ሥራው ግን እስከ ዛሬ ክፍል በክፍል ይወጣል።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፥ ጨዋታው በሞድ አማርኛ ሊናገር ይችል እንደ ሆነ ጠይቆኛል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ያሳዝናል። የጨዋታው የንግግር ጽሑፍ የሚቀመጠው 256 ቦታ ብቻ ባለው የፊደል ሠንጠረዥ ነው። እንግሊዝኛው ከቁጥሩና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋራ 95 ያህል ቦታ ይይዛል፤ የኛ ፊደል ደግሞ ከሀ እስከ ፐ በሰባት በሰባት ሲቆጠር፥ ዲቃሎቹን ሳይጨምር፥ 231 ነው። ሁለቱ ባንድ ላይ አይገቡም። ሥዕል ግን ሥዕል ነውና ፊደል አይመርጥም፤ ስለዚህ የአንድ መጠጥ ቤት የበር ምልክት ሥዕል ላይ «ጠጅ ቤት» ብዬ ጽፌ በጨዋታው ውስጥ ሰቅየዋለሁ። እናቴ ስለ ጨዋታው የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አጫጫኑ ልምጣ። ከሞዱ አስቀድሞ ጨዋታው የሚነዳበትን ፕሮግራም መምረጥ ያስፈልጋል። አንደኛው ሠሪዎቹ ያወጡት ነባሩ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ፈቃደኞች ከ2008 ጀምረው አዲስ የሠሩት «ኦፕን ኤም ደብልዩ» ነው፤ ይህ በነጻ ይገኛል፥ ነገር ግን የጨዋታውን ፋይሎች ከተገዛው ጨዋታ ይወስዳል እንጂ የራሱ የለውም። ምርጫው ከመጀመሪያ መደረጉ ለምን ይጠቅማል? «ሞሮዊንድ ኮድ ፓች»ን የመሰሉ መጠገኛዎች ነባሩን ፕሮግራም ራሱን ስለሚለውጡ በአዲሱ ላይ አይሠሩምና ነው። እኔ አዲሱን መረጥሁ። በነባሩ ሁሉም ሞድ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይደባለቃል፤ እኔን ያጠፋኝም ይህ ነው። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ሞድ በየራሱ ፎልደር ተቀምጦ፥ ስሙ ብቻ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይመዘገባል። ያልወደዱትን መሥመሩን ማጥፋት ነው፤ ዋናው ፋይል አይነካም።

የታሸገው ሞድ ሲፈታ «መሽስ» ወይም «ቴክስቸርስ» የሚሉ ፎልደሮች ወዲያው መታየት አለባቸው። ብዙ ጊዜ ግን ፎልደር በፎልደር ውስጥ ይደበቃሉ፤ በዝርዝሩ ላይ የውጭውን ስም የጻፈ ሰው እነዚያን ቢጫ ምልክቶች ያገኛል።

ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሁለት መምህራን የአንድ ክፍል የስም መጥሪያ ቢቀዱና አንዱ አበበን፥ ሌላው ከበደን ቢጨምሩ፥ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የኋለኛው ብቻ ቢሆን፥ አበበ ትምህርት ቤት የለውም ማለት ነው። ሞዶችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱ አንድን ሰው ወይም አንድን የዕቃ ዝርዝር ቢለውጡ፥ በኋላ የተጠራው ያሸንፋል፥ የፊተኛው ሥራ ይጠፋል። ሁለቱን ዝርዝር የሚያዋሕዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድን ነገር የሚነኩ ሁለት ሞዶችን አለማስገባት ነው። በሌላ ሞድ ላይ የተመሠረተ ሞድ ደግሞ ከመሠረቱ በኋላ መጠራት አለበት። «ታምሪኤል ሪቢልት» «ታምሪኤል ዳታ» የተባለውን ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ነገሩ አይነሣም። ይህ ሁሉ ከሞዱ ጋራ በሚመጣው መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኔ በዚያ እሑድ ከ43ቱ የአንዱን እንኳ አላነበብሁም።

አንድ ሞድ ባስገባሁ ቁጥር ጨዋታውን አስነሥቼ ከሴይዳ ኒን እስከ ባልሞራ በእግሬ እሄዳለሁ። አንዳንዴ መብራት መንገድ ላይ ይጥለኛል፤ ያን ጊዜ በማግሥቱ እደግመዋለሁ። ከዚያም የሞዱን ስም፥ ያስገባሁበትን ቀንና ምክንያቱን በደብተር እጽፋለሁ። ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ሞድ አልነቅልም፤ የተቀመጠው ጨዋታ የሞዱን ዕቃና ሰው በውስጡ ስለሚይዝ፥ ሞዱ ሲወጣ ይናጋል። ንጹሑ ጨዋታና የየሳምንቱ ሴቭ ቅጂ በፍላሽ ላይ አለ፤ ፍላሹም በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣል። የመረጥኋቸውን 9 ሞዶች ዝርዝር ከነምክንያቱ ላክሁለት። ሁለቱን ሰረዘ። አንደኛው የክሊፍ ሬሰሮቹ መቀነሻ ነበር፤ «ይምጡ፥ ለምጃቸዋለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ሁለተኛው የባልሞራውን ቤት በመደርደሪያና በመጻሕፍት አሟልቶ የሚያቀርብ ሞድ ነበር፤ ለካሳ ይሆነኛል ብዬ ራሴ በኮንስትራክሽን ሴት 11 ማታ የሠራሁት ነው። በእሱ ላይ የጻፈው፥ «ቤቱን ባዶውን ተውልኝ፤ መጻሕፍቱን ራሴ እለቅማለሁ» የሚል ነው።